ሲሞቅ አልነሳ የሚል ናፍጣ መኪና፦ ኢንጄክተሩ ነው ወይስ የግፊት መቆጣጠሪያው?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ኮመን ሬል ናፍጣ ናት፤ ማለትም ፓምፑ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ የጋራ ቱቦ (ሬል) ይልካል፣ ከዚያ ኢንጄክተሮቹ ወደየሲሊንደሩ ይረጩታል። ቀዝቅዛ ስታድር ወዲያው ትነሳለች፤ ሞቃ ከጠፋች በኋላ ግን ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ካላዞራት አትነሳም።

በዲያግኖስቲክ ማሽን ሲታይ፣ በቅዝቃዜ ስትዞር የሬሉ ግፊት 280 ባር ይደርሳል፤ በሙቀት ግን 130 ላይ ይቆማል፣ ይህ ደግሞ ኢንጄክተሮቹን ለማስከፈት አይበቃም። ዙሩ በደቂቃ 230 ስለሚነበብ ባትሪውንና የክራንክ ሰንሰሩን (የሞተሩን ዙር የሚያነበውን) አልጠረጥርም። ፊልትሮው አዲስ ነው፣ በመስመሩ አየር የለም።

የኢንጄክተሮቹ መመለሻ (ሳይረጭ ወደ ታንከር የሚመለሰው ናፍጣ) በሚኒሞ ለ3 ደቂቃ ሲለካ፣ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 20 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የ3ኛው ሲሊንደር ግን 55 መለሰ። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ባረጀ ኢንጄክተር ውስጥ ይበልጥ ያመልጣል። የሚያሳስበኝ ግን በሬሉ ጫፍ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሲያፈስም ምልክቱ ያው መሆኑ ነው፤ ኢንጄክተር ደግሞ በግምት የሚቀየር ዕቃ አይደለም።

ከሬሉ ወደ 3ኛው ኢንጄክተር የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ የሬሉን መውጫ በብረት ቆብ ዘግቶ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ማዞር ሁለቱን ይለያል? ቆቡስ ስንት ባር የሚችል ይሁን? ኢንጄክተሩ ከተቀየረ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ከማድረግና የኢንጄክተሩን ኮድ ወደ መኪናዋ ኮምፒውተር ከማስገባት ሌላ የሚቀር ነገር አለ? ይህን ሥራ የሠራችሁ እባካችሁ እርዱኝ።