ግማሽ ድምፅ፦ ፍሎሪዳና ሚሺጋን ተበደሉ ወይስ የእጃቸውን አገኙ? (ጁን 1 ቀን 2008)

የአርሊንግተኑ ታክሲ ነጂ፦ ትናንት ዋሽንግተን ዋርድማን ፓርክ ማሪዮት ሆቴል ደጃፍ ሰው ሳወርድ የሂላሪ ክሊንተን ደጋፊዎች ሰሌዳ ይዘው «ድምፃችን ይቆጠር!» እያሉ ነበር። ውስጥ ደግሞ የዴሞክራቶች የደንብ ኮሚቴ ሲጨቃጨቅ ውሎ ማምሻውን ወሰነ፤ የሁለቱ ስቴቶች ልዑካን በሙሉ ይገባሉ፣ ግን የእያንዳንዱ ድምፅ ግማሽ ነው። ላልተከታተላችሁ፣ ሂላሪና ኦባማ የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን እየተፎካከሩ ነው፤ ዕጩውን በፓርቲው ጉባኤ የሚመርጡት የየስቴቱ ልዑካን ናቸው። በፓርቲው ደንብ ከፌብሩዋሪ 5 በፊት መምረጥ የተፈቀደላቸው አዮዋ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኔቫዳና ሳውዝ ካሮላይና ብቻ ነበሩ። ሚሺጋን ጃንዋሪ 15፣ ፍሎሪዳ ጃንዋሪ 29 መረጡና ፓርቲው ልዑካናቸውን ጠቅልሎ ሰረዘ። እኔን ብትጠይቁኝ ግማሹም በዝቶባቸዋል። ደንብ ጥሶ ግማሽ መሸለም የት አገር አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ፣ ደንቡን የጣሰው መራጩ ነው እንዴ? ቀኑን የቆረጡት ፖለቲከኞች፣ ድምፁን የተቀማው ሕዝብ። ይኼ ፍርድ ነው?

የታምፓው፦ እሷ ልክ ናት። እኔ ያን ቀን ተሰልፌ መርጫለሁ። እዚያው ወረቀት ላይ የንብረት ግብር ማሻሻያም ስለነበረ ቤት ያለው ሁሉ ነው የወጣው። ቀኑን የወሰነው የፍሎሪዳ ምክር ቤት ነው፤ አብላጫው ሪፐብሊካን፣ የፈረመውም ሪፐብሊካኑ ገዢ ቻርሊ ክሪስት። የእነሱ ፓርቲ ከመጀመሪያው ግማሹን ብቻ ቀንሶ አለፈ። እኛን ዜሮ አደረጉን! 1.7 ሚሊዮን ገደማ ዴሞክራት የመረጠበትን ምርጫ።

የአርሊንግተኑ ታክሲ ነጂ፦ ያን ሕግ እኮ የእናንተ ዴሞክራት እንደራሴዎችም ደግፈውታል። ያኔ ማን ከለከላቸው?

የአትላንታው፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ባለፈው ዓመት ኦገስት የፍሎሪዳ ልዑካን ሲሰረዙ ከደገፉት የኮሚቴው አባላት አንዱ ሃሮልድ ኢክስ ነው፤ የሂላሪ ቀኝ እጅ። ትናንት «የመራጩ ድምፅ ተዘረፈ» ብሎ የጮኸውም ራሱ ኢክስ። ሂላሪም ብትሆን ኦክቶበር ላይ ለኒው ሃምፕሸር ሬዲዮ የሚሺጋኑ ምርጫ ለምንም እንደማይቆጠር ግልጽ ነው ብላ ነበር። ያኔ ማሸነፏን አልተጠራጠረችማ! እቁብ በደንብ ገብቶ፣ ዕጣው ለሌላ ሲወጣ ደንቡ ይከለስ እንደሚል ሰው ሆነች።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ኢክስን ተወው፣ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። አንተ ግን የሚሺጋኑን ቁጥር አስረዳኝ። ኦባማ ስሙን ከወረቀቱ ያወጣው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ አውጣ ያለው ደንብ የለም። ሂላሪ ስሟን ትታ 55 በመቶ አገኘች፣ 40 በመቶው ደግሞ «ለማንም ያልወሰነ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በዚያ ስሌት 73 ለ55 ነው። ኮሚቴው 69 ለ59 አደረገው። አራቱ ልዑካን ከየት መጡ? ከምርጫ ጣቢያ በር ላይ ከተሰበሰበ መጠይቅና የኦባማን ስም በእጃቸው ጽፈው ድምፃቸው ከተጣለባቸው ሰዎች ግምት! ኦባማ ያልተወዳደረበትን ምርጫ ድምፅ ገምቶ መስጠት የቱ አንቀጽ ላይ ነው ያለው?

የአርሊንግተኑ ታክሲ ነጂ፦ ሒሳቡን ያቀረበው የሚሺጋን ፓርቲ ራሱ ነው። ሂላሪ «በጠቅላላ ሕዝብ ድምፅ እየመራሁ ነው» ስትል ግን ለኦባማ ከሚሺጋን ዜሮ አስገብታ ነው የምትደምረው። አንድም ደጋፊ የለውም ማለት ነው? ዲትሮይት ውስጥ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ዜሮውን እኔም አልወደድኩትም። አራቱን ግን አሁንም አላስረዳኸኝም።

የአሌክሳንድሪያው ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ እናንተ ቅርንጫፉን ትመትራላችሁ። ሚሺጋን ለምን ቀደመች? የሚሺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን ስንት ዓመት ሙሉ የጮኸው «አዮዋና ኒው ሃምፕሸር ለዘላለም ቀዳሚ ይሁኑ ያለው ማነው?» ብሎ ነው። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ነጭ የሚበዛባቸው። የፋብሪካ ሠራተኛውና ጥቁሩ ተራው እስኪደርስ ግማሹ ዕጩ ተሰናብቷል። ደንቡን የጣሱት ያበሳጩኛል፤ ደንቡ ራሱ ግን ለማን ተጻፈ ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ደግሞ አንድ ወጥ ደንብ ያለ ታስመስሉታላችሁ። እኔ ቨርጂኒያ ፌብሩዋሪ 12 የፓርቲ አባል ሳልሆን ገብቼ መርጫለሁ፤ እዚያ የፓርቲ ምዝገባ የሚባል የለም። ያኑ ቀን ሜሪላንድ ያለ ጎረቤቱ በዴሞክራትነት ካልተመዘገበ በር ላይ ይመለሳል። ቴክሳስ ላይ ደግሞ ሂላሪ ቀን በወረቀት አሸነፈች፣ ማታ በኮከሱ (መራጩ ተሰብስቦ በሚመርጥበት ስብሰባ) ኦባማ በልጦ በልዑካን ብዛት ቀደማት። ዛሬ ፖርቶ ሪኮ መረጠች፤ ሂላሪ በሰፊው አሸነፈች፤ ኖቬምበር ላይ ግን እዚያ የሚኖር ሰው ፕሬዚዳንት አይመርጥም።

የአትላንታው፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን መጥፎ ደንብ የሚቀየረው ከጨዋታው በፊት ነው። ፍሎሪዳን ብትምሩ በ2012 ሁሉም ስቴት ታኅሣሥ ላይ ካልመረጥኩ ይላል።

የአሌክሳንድሪያው ሽማግሌ፦ ከጨዋታው በፊትማ ማን ይሰማል? ሌቪን ተናገረ፣ ማን ሰማው?

የታምፓው፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስምንት መቶ ገደማ ሱፐር ደሌጌቶች አሉ፤ ሴናተሮች፣ የኮንግረስ አባላት፣ የፓርቲ ሰዎች። ማንም ለዚህ አልመረጣቸውም፣ ደስ ያላቸውን መደገፍ ይችላሉ። የእኛዎቹ ከእኛ ጋር ግማሽ ሆነዋል፤ የሌላው ስቴት ሱፐር ደሌጌት ግን ሙሉ ድምፅ አለው። ለኦባማ 33፣ ለሂላሪ 50 በመቶ ሰጥተን እሷን ያስመረጥን ሰዎች ከአንድ ያልተመረጠ ሰው እናንሳለን ማለት ነው?

የአርሊንግተኑ ታክሲ ነጂ፦ በሱፐር ደሌጌቱ እስማማለሁ። ማክሰኞ ሞንታናና ሳውዝ ዳኮታ ያልቃሉ፣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የልዑካን ድምፅም ወደ 2,118 ከፍ ብሏል። በመራጭ ብቻ ሁለቱም አይደርሱም፤ የሚጨርሱት ሱፐር ደሌጌቶቹ ናቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ለዚህ ነው ኢክስ ጉዳዩን ኦገስት ላይ ዴንቨር እስከሚደረገው ኮንቬንሽን (የፓርቲው ጉባኤ) የመውሰድ መብታችን የተጠበቀ ነው ያለው። አዳራሹ ውስጥ «ዴንቨር! ዴንቨር!» ይባል ነበር። ትውሰደው!

የታምፓው፦ እህቴ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አትውሰደው እላለሁ። እስከ ኦገስት ስንነታረክ የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ማኬይን ፍሎሪዳን እየዞረ ነው የሚከርመው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ታዲያ ግማሹን ተቀብለህ ዝም ልትል ነው?

የታምፓው፦ ዝም አላልኩም፣ ይኸው እየተናገርኩ ነው። ኖቬምበር ላይ ያለኝ ግን ሙሉ ድምፅ ነው፤ እሱን ለማንም አላበላሽም።