ኮርጆ የተያዘ ተማሪ ይታገድ ወይስ ይታለፍ?

የከዚራው፦ አቦ ትናንት ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ አንድ የግቢ ተማሪ ሃንዳውቱን ሰጥቶ «አሳንሰው፣ አሁንም አሳንሰው» ይላል። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ አጤሬራ ሆኖ ወጣለት። ባለቤቱ ጭራሽ መቀስ አቀበለው! እኔ እንዲህ ያለው ሲያዝ ዓመት ሙሉ ይታገድ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የለገሀሬው፦ ልጁ ብቻ? ያንኑ ፈተና በየዓመቱ የሚያወጣውንስ ምን እናድርገው? እኛ ከሲኒየሮች የወረስነው ወረቀት ቁጥሩ እንኳ ሳይቀየር ነው የመጣልን። ፈተናው ሽምደዳ ከሆነ አጤሬራ ያዋጣል። አንድ ግራፍ ሰጥቶ «ምን ገባህ?» ቢል ወረቀቷ ምን ትሠራለታለች?

የሐረሯ፦ ለኮራጅ ጠበቃ አትቁም። ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ቢ አመጣሁ፣ ከጎኔ ቀሚሷ ላይ ጽፋ የመጣችው ኤ። ግሬዱ ደግሞ በሪላቲቭ ነበር፣ እሷ ከፍ ስትል እኔ ዝቅ እላለሁ። የተሰረቅኩት እኔ ነኝ እኮ!

መምህሩ፦ አስተምራለሁ፣ ስድቡን ልቀበል። ግን ኩረጃውን ግቢ አላስተማርናቸውም፣ ይዘውት ነው የሚመጡት። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመግታት ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር።

የለገሀሬው፦ እሱን ለኩረጃ ብቻ አትስጠው። ድሮ ማለፊያው ግማሽ አልነበረም፣ ደግሞ በኮቪድና በጦርነት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ናቸው። ያልተማረ ልጅ ምን ያድርግ? ይኮርጃል።

የከዚራው፦ ቢኮርጅስ፣ ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ። ያለሱ ዲግሪ የለም።

መምህሩ፦ መውጫ ፈተና የመመረቂያ ሪሰርቹን በገንዘብ ያጻፈውን አይዝም። አንዱ ያስረከበኝን ስገልጥ ምስጋናው ላይ «ውድ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን» ይላል። ልጁ 22 ዓመቱ ነው። ጠርቼ «መቼ አገባህ?» ብለው «አቦ ያንን ያበላሸው ጸሐፊው ነው» አለኝ።

የሐረሯ፦ 😂 ከዚያስ? ታገደ?

መምህሩ፦ አልከሰስኩትም። ራስህ ጻፍ ብዬ መለስኩት። ሦስት ወር ፈጀበት፣ ሲጨርስ ግን የራሱ ሥራ ነበር። አንዱን ገጽ ጠይቄው ያለ ወረቀት አስረዳኝ።

የሐረሯ፦ እኔ በሰዓቱ ያስረከብኩት ሦስት ወር ማን ጨመረልኝ?