ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር በ25 ሺህ ብር፦ ከሦስቱ የትኛውን ልያዝ?

የሐረጎ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ፒሲዬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኮር አይ5 6500፣ ራም 8 ጊጋ (አንድ ቁራጭ)፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650 ነው። በብዛት የምጫወተው ቫሎራንትና ሲኤስ 2 ነው፤ አልፎ አልፎ ፒኤስ 4 እሰካበታለሁ። በጀቴ 25 ሺህ ብር ነው። ደሴ ፒያሳ ሁለት ስላሽ (ያገለገለ) ሞኒተር አግኝቻለሁ፦ አንዱ 27 ኢንች ከርቭድ፣ ፉል ኤችዲ (1920 በ1080 ፒክስል)፣ ቪኤ ፓነል፣ 165 ኸርዝ (በሰከንድ 165 ጊዜ ምስል የሚቀይር)፤ ሌላው 24 ኢንች አይፒኤስ (ይሄም የፓነል ዓይነት ነው)፣ 144 ኸርዝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ «ትልቁን ውሰድ፣ ኸርዙም ይበልጣል» ይላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አሱስ ቪጂ248ኪውኢ በጣም ረከስ ብሎ አይቻለሁ። የቱን ትመክሩኛላችሁ? ሱቅ ስሄድስ ምን ምን ልይ?

ቧንቧውሃ_ፒሲ፦

አብሽር፣ ባለ 24ቱን አይፒኤስ ያዝ። ሻጩ የሚያወራህ ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ከ60 ወደ 144 ስትወጣ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከ16.7 ሚሊሰከንድ ወደ 6.9 ይወርዳል። ይሄ ገና ማውሱን ስታንቀሳቅስ የሚታወቅ ለውጥ ነው። ከ144 ወደ 165 ግን 6.9 የነበረው 6.1 ይሆናል፣ በቃ። ለዚያ ብለህ የፓነሉን ጥራት አትልቀቅ።

27 ኢንች በፉል ኤችዲ ሌላ ችግር አለው። በአንድ ኢንች ውስጥ 82 ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው፣ 24ቱ ላይ 92 ነው። ጠረጴዛህ ላይ ቀርበህ ስትቀመጥ ፊደሉ ይሻክራል፣ ሩቅ ያለ ጠላትም ጠርዙ ይበጣጠሳል። 27 የሚያምረው በ1440ፒ (2560 በ1440 ፒክስል) ነው፣ ያንን ደግሞ 1650ው ውድድር ጌም ላይ በደንብ አይሸከመውም።

አሁን ወደ ፒሲው። አይ5 6500 4 ኮር 4 ትሬድ ነው። ቫሎራንት ላይ ሴቲንጉን ዝቅ ካደረግከው 144 አካባቢ ይሄድልሃል። ሲኤስ 2 ላይ ግን ጭስ ሲጣልና ሰው ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ይታነቅና ኤፍፒኤሱ (ጌሙ በሰከንድ የሚያወጣው የምስል ብዛት) ይወርዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ አይደለም ጥፋተኛው። ስለዚህ 25 ሺውን በሙሉ ሞኒተሩ ላይ አትጨርስ፣ ለሁለተኛ ራም አስቀር። አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን ራሙ በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው፤ ሌላ 8 ስትጨምርበት ድንገተኛ መቆራረጡ ይቀንሳል። ስትገዛ ግን ያለውን አውጥተህ ጽሑፉን አንብብ፦ ኦፕቲፕሌክስ 3040 እና 5040 ዲዲአር3ኤል ነው የሚወስዱት፣ 7040 ዲዲአር4። ሳያዩ የገዙት አይገባም።

144 ቋሚ ስለማታገኝ ፍሪሲንክ (የሞኒተሩን ኸርዝ ከኤፍፒኤሱ ጋር የሚያስማማ) ያለው ሞኒተር ምረጥ። የካርድህ ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ ከ10 ተከታታይ ወዲህ ባሉት ካርዶቹ ላይ ፍሪሲንክ ሞኒተሮችን ፈቅዷል፤ ያንተው ካርድ ላይ ግን በዲስፕሌይ ፖርት ኬብል እንጂ በኤችዲኤምአይ አትጠብቀው። የፍሪሲንኩ ክልል ከ48 እስከ 144 ኸርዝ ከሆነ ኤፍፒኤሱ ከ48 ሲወርድም ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ደግሞ እየላከ ይሸፍንልሃል። «ጌሚንግ» ተብለው የሚሸጡት ባለ 75 ኸርዞች በአብዛኛው ይሄን ማድረግ አይችሉም፣ ክልላቸው ጠባብ ነው።

ፒኤስ 4 ምንም ሞኒተር ብትገዛ ከ60 አይዘልም።

የሮቢት_ጌመር፦

በ24ቱ እስማማለሁ፣ ግን ቪኤን እንዲያው አታጣጥሉት። ኮንትራስቱ 3000 ለ1 አካባቢ ነው፣ አይፒኤስ 1000 ለ1። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ጥቁሩ ጥቁር ይሆንለታል። ችግሩ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየር መዘግየቱ ነው፤ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ፈጠን ብለህ ስትዞር ጥላው እንደ ቀለም ይጎተታል። ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ሊኩዊድ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ደሴ ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ከፍተህ ወዲያው ብትፈትነው ከእውነተኛው በላይ መጥፎ ይመስልሃል፣ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ኮምቦልቻ ይሄ ያን ያህል አያስቸግርህም።

ካርቶኑ ላይ «1 ሚሊሰከንድ» የሚለውንም አትመን። አጠገቡ ኤምፒአርቲ ከተባለ የባክላይቱን (ከፓነሉ ጀርባ ያለውን መብራት) ብልጭታ ነው የለካው፣ የፒክስሉን ፍጥነት አይደለም። ሜኑው ውስጥ ኦቨርድራይቩን (ፒክስሉን የሚያፈጥነውን ሴቲንግ) መጨረሻ ላይ ስታደርገው ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጥላ ይወጣል፤ መሃለኛው ላይ ተወው።

ስለ አሱሱ፦ ፓነሉ ቲኤን ነው፣ ጥሩ ፍጥነት አለው፣ ግን ከሥር ስታየው ቀለሙ ይገለበጣል። በኤችዲኤምአይው ፉል ኤችዲ 60 ነው የምታገኘው፤ 144 የሚሰጥህ በዲስፕሌይ ፖርት ወይም በዱዋል ሊንክ ዲቪአይ ብቻ ነው። ፍሪሲንክም የለውም። ላንተ ፒሲ አይሆንም።

ፒያሳ_ጥገና፦

ሱቅ ስትሄድ የራስህን የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ያዝ፣ ፒሲህን መያዝ ከቻልክ ደግሞ እሱን። የብዙ የድሮ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ከ120 አይበልጥም፣ በሱ ተፈትኖ «144 አይሠራም» ይባልና ሞኒተሩ በከንቱ ይታማል። በፍላሽ ላይ ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎች በ1920 በ1080 አዘጋጅተህ ሂድ።

ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካየህ የሞተ ፒክስል ነው፣ አይድንም። ጥቁሩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ከሆነ የተጣበቀ ነው፣ አንዳንዴ ይለቃል፤ ያም ቢሆን በዋጋ ተደራደርበት። ጥቁሩን የሱቁን መብራት አስጠፍተህ እይ። ጥጉ ላይ ብርሃን ካለ ጭንቅላትህን ወደ ጎን አንቀሳቅስ፦ ብርሃኑ አብሮህ ከተቀያየረ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፣ ምንም አይደል። ቦታው ላይ ከቀረ ግን ፍሬሙ ፓነሉን ጨቁኖታል ወይም ወድቋል ማለት ነው። ከዚያ ብራይትነሱን 30 ላይ አድርገህ በስልክህ ካሜራ በስሎው ሞሽን ቅረጸው፤ ጥቁር መስመሮች የሚወርዱ ከሆነ ባክላይቱ ይርገበገባል፣ ዓይን ያደክማል። ኬብሉን ሶኬቱ ላይ እንዳለ ቀስ ብለህ ነካካው፣ ምስሉ ከጠፋ ፖርቱ ላልቷል። ይሄን ሁሉ ስትጨርስ 20 ደቂቃ ያህል እንደበራ ተወው፤ በሙቀት የሚመጣ ብልሽት በ2 ደቂቃ አይታይም።

ሁለት እኩል ሞኒተር ካጋጠመህ ፓወሩ ከውጭ በአዳፕተር የሆነውን ምረጥ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመታው ፓወሩ ነው። አዳፕተር ከሆነ ቮልቴጁ አንድ ዓይነት፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሶኬቱ ፕላስና ማይነስም ያልተገለበጠ ሌላ ትገዛለህ፤ ውስጥ ከሆነ ግን ተፈቶ ቦርድ ነው የሚፈለገው። ለማንኛውም መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል።

ሐረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ) ስትወርድ አስተኝተህ አትጫነው፣ ቁሙን ይሁን። ስክሪኑ ላይ ስፖንጅ አድርግ፣ እግሩን ፍታና ለብቻው ጠቅልል፤ አብሮ ከታሸገ በጠመዝማዛው ላይ ፓነሉን የሚሰብረው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ስትደርስ ከካርቶኑ ሳታወጣ አንድ ሁለት ሰዓት አቆየው። ከደሴ ቅዝቃዜ ወጥቶ ሙቀት ሲያገኝ ላብ ሊይዝ ይችላል፣ ያኔ ኤሌክትሪክ አትስጠው።

የሐረጎ_ልጅ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ባለ 24ቱን ወሰድኩ። ፒክስሉ ንጹሕ ነው። ግን ቤት ስሰካው ዊንዶውስ 60 ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ 144 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዲስፕሌይ ፖርት ኬብሌን ሱቅ ረስቼ በኤችዲኤምአይ ነው የሰካሁት።

ቧንቧውሃ_ፒሲ፦

መጀመሪያ ኬብሉ ከግራፊክስ ካርዱ መውጣቱን እይ። ኦፕቲፕሌክስ ጀርባ ላይ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያሉት የማዘርቦርዱ ናቸው፤ የካርዱ ለብቻቸው ባለ ቀዳዳ ብረት ላይ ነው ያሉት። እዚያ ከሆነ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈትና ቼንጅ ሪዞሉሽን ውስጥ ግባ። በኤችዲኤምአይ ሲሆን ከላይ እንደ ቴሌቪዥን የሚዘረዝረው 1080ፒ በ60 የተገደበ ነው። ወደ ታች ውረድና ፒሲ ከሚለው ሥር 1920 በ1080ን ምረጥ፣ 144 እዚያ ይወጣል። 120 ላይ ከቆመ የሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ የድሮው 1.4 ነው፣ ኬብልህን እስክታመጣ በዚያው ተጫወት።

ዲስፕሌይ ፖርቱን ስትሰካ ሞኒተሩ ሜኑ ላይ ፍሪሲንክን አብራ፣ ኮንትሮል ፓነሉ ላይ ጂሲንክን (ያንኑ የሚሠራውን የኤንቪዲያ ሴቲንግ) አብራ፣ ከዚያ ኤፍፒኤሱን 141 ላይ ገድበው። 144ን ሲነካ ከፍሪሲንኩ ክልል ይወጣል፣ ምስሉ መሃል ለመሃል መቀደድ ይጀምራል።