ሳህኑ ጋ ሲጠጉት የሚያጉረመርም ውሻ፦ ደሴ ላይ ማን ይየው?

የሆጤው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ወንድ ውሻ ነው፤ ቀን በር ላይ በሰንሰለት ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እየበላ ሲጠጉት ያጉረመርማል። ዛሬ ጠዋት የትንሹን ልጅ እጅ በጥርሱ ጫር አደረገ። አንድ አሰልጣኝ «ለአንድ ወር ስጡኝ፣ በዱላ ልክ አስገባዋለሁ» ይላል። ይሰጠው ትላላችሁ?

መዥገር ነቃይ፦
ውሻው ይቆይ፣ መጀመሪያ ልጁ፤ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጭረትም ብትሆን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ትታጠብ፤ ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። «ውሻው ተከትቧል» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ውሻውን አትግደሉት፣ ለማንም አትስጡት፤ 10 ቀን ሌሊትም ሳይፈታ ይታይ። በዚህ መሀል ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ከአሰልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያየዋል። የተሰበረ ጥርስ፣ ጆሮ ውስጥ የገባ መዥገር፣ ሰንሰለት የላጠው አንገት፦ ጎንበስ ሲል የሚያመው ውሻ ሳህኑ ላይ ይቆጣል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያው ደሴ ነው፤ ሐኪም ካጣችሁ እዚያ ጠይቁ።

ቦርከና፦
አብሽር፣ የሚስተካከል ጠባይ ነው። ዱላ ማጉረምረሙን ያስተወዋል፤ «ይወስዱብኛል» የሚለውን ስጋት ግን ያባብሰዋል። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ይመለስላችኋል። አሰልጣኙን «ሲሳሳት ምን ታደርገዋለህ? እኛ ባለንበት ታሠራዋለህ?» በሉት። ሁለተኛውን እምቢ ካለ ይቅርባችሁ፤ ጠቡ ያለው እናንተ ግቢ፣ እናንተ ሳህን ላይ ነው።

10 ቀኑ አልፎ ሐኪሙም ጤነኛ ነው ካለ፣ የተቀቀለ ጉበት በሽምብራ ፍሬ ልክ ክተፉ፤ ለአንድ ምግብ 10 ፍሬ ይበቃል። ሰንሰለቱ ከሚደርስበት አንድ ሜትር ወዲህ ቁሙ፣ አንዷን ሳህኑ አጠገብ ወርውሩና ዞራችሁ ሂዱ። ቁም ነገሩ ዞሮ መሄዱ ነው። ስትመጡ ቀና ብሎ ጭራውን ዘና አድርጎ ከቆላ በነጋታው ግማሽ እርምጃ ቅረቡ። ቀጥ ብሎ ከደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ ወይም እንደሚሻሙት ቶሎ ቶሎ መዋጥ ከጀመረ ከልክ በላይ ቀርባችኋል፤ ወደ ትናንቱ ቦታ ተመለሱ። «ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» እያሉ ሳህን መንጠቅ ነው ብዙውን ውሻ ያበላሸው።

የሆጤው፦
የወጥ ሥጋ አይሆንም? ልጁስ መቼ ይመግበው?

ቦርከና፦
አይሆንም፣ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል። በጾምም ቢሆን ደሴ ላይ ጉበት ጠፋ አይባልም፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፤ ካልሆነም የተቀቀለ እንቁላል። ልጁ አይመግበውም። ውሻው ሲበላ ልጁ ቤት ይግባ፣ በሩም ይዘጋ።