የመሣሪያ መስቀያዬ ከብሎኬት ግድግዳ ተነቀለብኝ

ሰላም፣ ሙያው ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ለእንጨት ሥራ ቤቴ መዶሻ፣ መጋዝና መሮ የምሰቅልበት ሰሌዳ ከ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሠርቼ ግድግዳው ላይ በ8 ቁጥር ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን የላይኞቹ ሁለት ፊሸሮች ልስኑን ይዘው ወጡ። ቀዳዳውን በባትሪ ሳየው ብሎኬቱ ከስስ ቅርፊት በኋላ ውስጡ ክፍት ነው፤ ፊሸሩ የሚነክሰው ነገር አላገኘም። ከአባቴ የወረስኩት መሮ ወድቆ ስለቱ ተሸረፈ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

አሁን ያሰብኩት ክብደቱን ወለሉ እንዲሸከመው ሁለት ሞራሌ አቁሜ ሰሌዳውን እነሱ ላይ ማሰር ነው። ግድግዳው ሰሌዳው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይያዘው። ይህ ይበቃል? ወይስ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ሞልቼ፣ ሲደርቅ እንደገና ብበሳ ይሻላል? ደግሞ መሮዎቹ ስለታቸው ሳይነካ በምን ቢያዙ ይሻላል?