ከስዕል አስተማሪነት ወደ ተግባቦት ኮቺንግ መሻገር አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች። ስዕል ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሁን ግን ወደ ተግባቦት ኮቺንግ (ሰው ከሌሎች ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ራሱ እንዲያገኘው በጥያቄ መርዳት) መግባት ፈልጌያለሁ። የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ተማሪዬ ከሰሉን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሲጫነው አየሁት። «ለምን እንዲህ ሳልከው?» ብዬ ስጠይቀው ጭራሽ ዝም አለ። ቆይቼ «እዚህ ጥቁሩ ላይ ምን ይታይሃል?» አልኩት። «ለአባቴ ልነግረው ያልቻልኩት ነገር» አለኝ። ከዚያ ሳምንት በኋላ አባቱን አናገረው።

እንግዲህ ወሬው ተሰማና አሁን እርሳስ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ «ከአለቃዬ ጋር፣ ከባለቤቴ ጋር እንዴት ላውራ?» እያሉ ይመጡብኛል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ወረቀትና ቀለም መሀላችን ከሌለ አስተማሪነቴ ይነሳብኛል፤ ሰውየው ሳይጨርስ አርመዋለሁ፣ መልሱን እኔው እሰጠዋለሁ። ኮች ደግሞ መጠየቅና ማዳመጥ እንጂ መምከር ስራው እንዳልሆነ አውቃለሁ (ማወቅና ማድረግ ለየቅል ሆነብኝ እንጂ)።

ባለፈው ደግሞ አንዲት ሴት ስዕሏን እያሳየችኝ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔ ደርቄ ቀረሁ። ያ ጉዳይ የኔ ነው ወይስ የስነ ልቦና ባለሙያ? የት ላይ ነው «ከዚህ በላይ እኔ አልችልም» የሚባለው?

ሌላው፣ የዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ ቢያንስ 60 ሰዓት ስልጠናና 100 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። መጀመሪያ እሱን ልጨርስ ወይስ እየሰራሁ ልማር? ስዕሉንስ ልተወው ወይስ መግቢያ በር ላድርገው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሳታለባብሱ ንገሩኝ።