ቡላ ጥንስስ ጥንስስ ይሸታል፤ እከክ ነው ወይስ ሌላ?

የቡላ ጌታ (ጎንደር፣ ቸቸላ) ፦ ነሐሴ 6

ሰላም ለዚህ ቤት። ውሻ ያሳደገ ሰው ይርዳኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ቡላ አራት ዓመቱ ነው። የሐበሻ ውሻ ነው፤ አባቱ ጀርመን ሸፐርድ ነው ብለው ነበር የሰጡኝ። አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ወድቆ ስለቀረ እኔም ግማሹን አምኛለሁ። የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ የፊት እግሩን ጣቶች ይልስ ነበር፤ ሌሊት ሲልስ ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል። ቀጥሎ ብብቱና ሆዱ ቀላ። አሁን ብብቱ ላይ ፀጉር የለም። ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ ተሸብሽቧል፣ ሲነኩት ቅባት ቅባት ይላል። ሆዱ ላይ ደግሞ መግል የቋጠሩ ትንንሽ ብጉሮች አሉ። ሲፈርጡ ቦታው ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተላጠ ቆዳ ይቀራል። የወደቀው ጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ሞልቷል።

ከሁሉም የባሰው ሽታው ነው። እማዬ ጠላ ጠማቂ ናት፣ አፍንጫዋ አይሳሳትም። «ይሄ ውሻ ጥንስስ ጥንስስ ይሸታል፤ የከረመ ቅቤም አለበት» አለች። ጎረቤታችን ይህን ሰምተው «አተላ ስለምታጠጡት ነው፤ እርሾው በቆዳው ወጣ» ብለው ፈረዱብን። እውነቱን ለመናገር አልፎ አልፎ አተላ ይቀምሳል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ እንዳትሰድቡኝ። እከክ ነው ብዬ በግ የሚወጋበትን አይቨርሜክቲን አስወጋሁት። ሁለት ጊዜ። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ መድኃኒት ቤት «ለሁሉም ይሆናል» ብለው የሰው ቅባት ሰጡኝ። አምስት ቀን ተአምር ሠራ። ቅላቱ ጠፋ፣ ማከኩ ቆመ፣ እኔም ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። በስምንተኛው ቀን እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

ምንድን ነው ይሄ? የእህቴ ልጅ ደግሞ አቅፋው ነው የምትውለው። ወደ እሷ ይተላለፋል?

ገበሬው ፦ ነሐሴ 6

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው። ጋራዥ በነፃ ይሰጡሃል። አባቴ ለበሬውም ለውሻውም ይሄንኑ ነበር የሚቀባው።

የእንስሳት ሐኪም ፦ ነሐሴ 7

ገበሬው፣ አትቀየመኝ። ውሻ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። የተቃጠለ ዘይት ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ከተላሰ ደግሞ ይመርዘዋል። ይቅር።

የቡላ ጌታ ወንድሜ፣ ሳላየው አልምልልህም። ግን አጻጻፍህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው «ውሻዬ ያከዋል» ብሎ ነው የሚያቆመው። ከነገርከን ስነሳ ሁለት ነገር በአንድ ላይ የያዘው ይመስለኛል።

የብብቱ መጥቆር፣ የጣቱ መላስ፣ የጆሮው ቡናማ ቆሻሻና ሽታው ማላሴዚያ የሚባለውን ፈንገስ ያስጠረጥራል። እናትህ እውነትም አፍንጫ አላቸው፤ ይሄ ፈንገስ የእርሾ ዘመድ ነው። የጠላው እርሾ ግን አይደለም። ጤነኛ ውሻ ሁሉ ቆዳው ላይ ትንሽ ትንሽ አለው። በቆዳ ቅባት የሚኖር ነገር ስለሆነ እርጥበትና ቅባት ሲበዛለት ይራባል። የሆዱ ብጉርና የቀለበቱ ልጣጭ ደግሞ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ስታፊሎኮከስ እንለዋለን፤ እሱም እዚያው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ሁለቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

አተላው በቆዳ አልወጣም። ጎረቤትህን ይቅርታ አስጠይቃቸው። አተላ መስጠቱን ግን ተው፤ አልኮል ለውሻ መርዝ ነው።

አይቨርሜክቲን የሚገድለው የእከክ ተባይና ትላትል ነው። ፈንገስም ባክቴሪያም አይነካም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብሃል። ደግሞ ኮሊንና አንዳንድ የእረኛ ውሻ ዘሮችን አእምሯቸው ውስጥ ገብቶ ሊገድላቸው ይችላል። የቡላን አባት በወሬ ብቻ ነው የምታውቀው አይደል?

ቅባቱ ስቴሮይድ እንዳለበት እገምታለሁ። ስቴሮይድ ማሳከኩንና ቅላቱን ያስተኛል። ችግሩ፣ የቆዳውን መከላከያም አብሮ ያስተኛል። አምስቱ ቀን ቡላ ሲያርፍ ፈንገሱና ባክቴሪያው ደግሞ በሰላም ተራቡ።

አሁን የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ሂድ። «በፕላስተር ናሙና ውሰዱልኝ» በል። ግልጽ ፕላስተር ቆዳው ላይ ጫን አድርገው ያነሱና ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የእከክ ተባይ አለመኖሩን ለማወቅ ቆዳውን ፋቅ ያደርጋሉ። ይሄ ሳይታይ ክኒን እንዳትገዛ። ጆሮው ውስጥም ታምቡሩ ደህና መሆኑ ሳይታይ ምንም እንዳታፈስ።

የሕክምናው ዋና ክፍል እጥበት ነው። ከ2 እስከ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለው ሻምፑ፣ ሚኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ቢኖርበት ደግሞ እሰየው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት። ካጣህ ከሰው መድኃኒት ቤት 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ ይገኛል፤ ለፈንገሱ ይሆናል፣ ለባክቴሪያው ግን ደካማ ነው። አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ካለቀለቅከው መድኃኒቱን ለግቢህ አፈር ነው ያጠጣኸው። ከዚያ ማድረቅ፤ በተለይ በጣቶቹ መሀልና ብብቱን።

ብጉሩ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በእጥበት ብቻ ይጠፋል። ከጠለቀ ወይም ከሰፋ ሐኪሙ እንደ ሴፋሌክሲን ያለ አንቲባዮቲክ ያዝልሃል። በኪሎው ነው የሚሰላው። የታዘዘልህን ቀን ጨርስ፤ ከዚያ ይታይ። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይሆንም፤ ይሄ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ይሰብረዋል።

ልጅቷ ከማላሴዚያው ብዙ አያሰጋትም። እከክና ጭርት ግን ወደ ሰው ይዘላሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ እቅፉ ይቆይ፣ እጇንም ትታጠብ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፈንገሱ እንግዳ ነው፤ በሩን የከፈተለት ሌላ ነው። ቁንጫ መኖሩን እይ። ፀጉሩን በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አበጥርለት። የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ ወረቀቱ ላይ ቀይ ከሆነ፣ ቁንጫ የጠጣችው ደም ነው።

የቡላ ጌታ ፦ ነሐሴ 7

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በሳምንት ሁለቴ? ጎንደር ነው ያለሁት እኮ። ውሃ በፈረቃ ነው። በዚህ ክረምት ከሰማይ ይወርዳል፣ ከቧንቧ አይወርድም።

የሁለት ውሾች እናት (ማራኪ) ፦ ነሐሴ 8

ወንድም ጋሼ፣ እኔ አምና በዚሁ አልፌያለሁ። ውሃው አያስጨንቅህ። ከጣራ በበርሜል አጠራቅም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። በጣሳ እያፈሰስክ አርጥበው። ሻምፑውን ከታመመው ቦታ ጀምር፤ ብብቱን፣ ሆዱን፣ ጣቶቹን። ጤነኛውን ጀርባ በመጨረሻ፣ ቢቀርም ይቀራል።

አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። ውሻ ደግሞ ሰዓት አያውቅም፣ ዝም ብሎ ራሱን ያራግፍብሃል። እኔ የጀበናው ቡና ሲጣድ ነው የምጀምረው። አቦሉ ፈልቶ ሲወርድ አለቅልቃለሁ። እስከዚያ በግራ እጄ አንገቱን ይዤ በቀኜ ዳቦ እየቆረስኩ አጎርሰዋለሁ። እንዳይልሰው ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፤ አፉ ሥራ ከያዘ ምላሱ አይመጣም።

የልብስ ሳሙና እንዳትሞክር፣ ቆዳውን ያደርቀዋል። እንዶድንም ተው። አያቴ ልብስ ያነጣል ትል ነበር፤ እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ ውሻዬን አጠብኩበት። ልሳው ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ የሚል ምክርም ታያለህ። ያልቆሰለ እግር ላይ ትንሽ ይረዳል ይባላል፣ የተላጠ ቆዳ ላይ ግን ጩኸት ነው የምትሰማው።

ገበሬው ፦ ነሐሴ 8

እኔ እኮ ለበሬ ነው ያልኩት።

የቡላ ጌታ ፦ መስከረም 20

ውጤቱን ልነግራችሁ ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ባጃጅ። ሦስት ሾፌሮች ቡላን አይተው ሄዱ። አራተኛው በእጥፍ ወሰደን፣ እሱም መስኮት ከፍቶ አፍንጫውን ይዞ። ዶክተር፣ ክሊኒኩ ውስጥ ፕላስተሩን እንዳልከው ከብብቱ ወሰዱ። ሲያዩት ቆይተው «ና እይ» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኔን አደረግኩ። ሐምራዊ ሆነው ወገባቸው የጠበበ፣ ኦቾሎኒ ከነገለባው የመሰሉ ነገሮች መዓት ናቸው። ፈንገሱ ነው አሉኝ። ከሆዱ የተወሰደው ላይ ደግሞ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች። እነዚያ ባክቴሪያዎቹ ናቸው። በፍቀቱ ላይ የእከክ ተባይ አልተገኘም። ሁለቱ መርፌዎቼ በከንቱ ነው የሄዱት።

አንቲባዮቲክ አልሰጡኝም። «እጥበቱን እንይ» አሉ። የጆሮውን ታምቡር አይተው ጠብታ ሰጡኝ። እግረ መንገዴን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አስወጋሁት፤ ሁለት ዓመት ሳዘገየው የነበረ ነው።

የወረቀቱን ነገር ማታውን ሞከርኩት። ቀይ ሆነ! ቡላ የሚተኛበት ጆንያ ከጣራው ጠርዝ ሥር ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሲንጠባጠብበት ከርሟል። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ረጥቦ ሻግቷል፣ ቁንጫው ይዘላል። አቃጠልኩት። አሁን ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ላይ ነው የሚተኛው፤ የቁንጫ መድኃኒቱም ተሰጥቶታል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለት ወር ውሻውን ሳይ ከርሜ አልጋውን አንድ ቀን አላየሁም።

እጥበቱ ስድስት ጊዜ ሆነ። የማራኪዋ እህቴ፣ የዳቦው ዘዴ ሠርቷል፤ አሁን ጀበና ሲያይ ራሱ መጥቶ ይቆማል። የመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ የለውም ብዬ ላቆም ነበር። በሁለተኛው ሽታው ቀነሰ፣ ብጉሩ ደረቀ። በሦስተኛው ሲያዩት ፈንገሱ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ብቻ ሆኗል። የብብቱ ጥቁረት ግን ገና አልለቀቀም። ወራት ሊወስድ ይችላል ብለውኛል፤ ፀጉሩ ጀምሯል። የወደቀው ጆሮው አሁንም ትንሽ ቡናማ አለው፣ ለእሱ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን።

ጎረቤታችን አተላውን እስካሁን አላመኑም። እማዬ ግን ትናንት ጥንስስ እየጠነሰሰች አጠገቧ መጥቶ ሲተኛ አጎንብሳ አንገቱን አሸተተችው።

«አሁን ውሻ ውሻ ይሸታል» አለች።